ቅጠል ያወጣ ችካል

የልጅ ልጄ በቀደም ከባሕር ዳር ደውላ፣ «አባባ፣ ሦስተኛ ዲግሪዬን ልጀምር ነው» አለችኝ። በምን ብላት፣ የመልክዓ ምድር አያያዝ ነው አለች፤ አፈሩ፣ ውኃው፣ ከብቱና ሰዉ ሳይነጣጠሉ የሚጠኑበት። «ይኸንንማ አውቀዋለሁ» አልኋት። ሳቀችብኝ።

በደርግ ጊዜ፣ የመንደር ምሥረታው ወሬ አገሩን ሲያምሰው፣ እኔ ወረታ ውስጥ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ወጣት ነበርሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ አቋርጬ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እገጥማለሁ። በግንቦት ሙቀት ሙሉጌታ የሚባል ሰው ለዶክትሬቱ ጥናት መጣ። አገሩ ገና ሳይመረቅ «ዶክተር» ስላለው፣ የታመመች ላም እየጎተቱ ደጁ የሚቆሙ ነበሩ። እሱም አፍሮ ላሚቱን ዳበስ ያደርግና ስለ ግጦሹ ይጠይቃቸዋል።

ከወረታ ሥር ያለውን የፎገራ ሜዳ ክረምት ሲገባ ውኃ ይውጠዋል። ከብቱ ወደ ከፍታው ይወጣል፤ ውኃው ሲሸሽ ይመለሳል፤ በእርጥቡ መሬት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። የዚያ ጭቃ ሽታና የሽምብራው እሸት ጣዕም አሁንም አልለቀቁኝም። ሙሉጌታ ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ ለማየት በሜዳው ዳር የባሕር ዛፍ ችካል ተከለ። በማግሥቱ አንድም የለም። ደግሞ ተከለ፤ ደግሞ ተነቀለ። ያኔ ችካል ማለት ለመንደር ምሥረታው ቤትህ ሊፈርስ ነው ማለት ነበር።

ክረምቱ ካመለጠው ጥናቱ አበቃ። ሻንጣውን ሲያስር ደረስሁና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ወደሚቀመጡበት ዋርካ ወሰድሁት። ችካሉን ማን እንደ ነቀለ ጠየቃቸው። ሁሉም «አላየንም» አሉ። ችካሎቹ በእግራቸው ሄደዋል! እኔ ዝም ማለት አልችልም፤ ከአፌ አመለጠኝ፤

ያንን ደረቅ ችካል ነቅለን ጣልነው ማታ፤
ቅጠል ያለውን ግን ማን ይነካል ላፍታ?

እኔ አንድም አልነቀልሁ፤ «ነቅለን» ያልሁት ጣቴን ማንም ላይ ላለመቀሰር ነው። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ሳቃቸው ቀደማቸው። «አንተ ቀባጣሪ፣ ቅጠል ያለው ችካል ከየት ይመጣል?»

«ኮርች አለ አይደል?» አሉ አያ ደሴ የተባሉ ገበሬ። «ቆርጠው ቢተክሉት ይጸድቃል። አጥራችን ሁሉ እሱ አይደል?»

ሙሉጌታ ብድግ አለ። «እንግዲያው እናንተው ትከሉልኝ፤ ውኃው በክፉ ዓመት በሚደርስበት፣ እያንዳንድሽ በየማሳሽ!» ከደስታው ብዛት ሽማግሌዎቹን አንቺ አላቸው፤ ዋርካው ሥር ሳቅ ሆነ።

«ኋላ መንደር ሥሩ የሚል ምልክት አይሆንብንም?» አሉት መሪጌታ።

«እዚህ ቤት አትሥሩ የሚል ነው እንጂ፣ አባቴ። ተክሉም የእናንተ ነው፤ እኔ መጥቼ አያለሁ።»

በሰኔ ኮርቹ አቆጠቆጠ። ውኃው ሲመጣ ሙሉጌታ በታንኳ ከግንድ ግንድ እየቀዘፈ፣ የየግንዱን ባለቤት ስለ ላሙ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ዘሩ ያጫውታል። አንድም አልተነቀለም። ከዓመታት በኋላ ተመረቀ ሲባል፣ አያ ደሴ የራሳቸው ልጅ የተመረቀ ያህል እልል አሉ።

ይኸን ስነግራት ልጅቱ አላስችል ብሏት መጣች። ዛሬ ፎገራ ሩዝ ያመርታል፤ አጨዳው አልቆ ሜዳው ገለባ ለብሷል። ከኮርቾቹ ብዙው ተቆርጧል፤ የቀሩት ግን ወፍረው ቀይ አበባ አውጥተዋል። አያ ደሴ የተከሉትን ግንድ በመዳፏ ይዛ፣ «አባባ፣ ከዚህ ልጀምር?» አለችኝ።

የአያ ደሴ ልጅ ከገለባው ማዶ ወደ እኛ እየመጣ ነበር።

«መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቂ» አልኋትና ዞር አልሁ። ትምህርቱ ከዚያ እንደሚጀምር እሷም እንዳየችው ተስፋ አድርጌ።