የኑኃሚን ሰባት ቤት

በዛብህ ፍቅረሥላሴ በሰው መኪና፣ በሰው ቤት ቀንቶ አያውቅም። አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ሻትል፣ የኤርፖርት መንገደኛ ማመላለሻ መኪና፣ ሲነዳ ስንቱ ጓደኛው ሀብታም ሆኖ አልፎታል፤ እሱ ግን ደንታ አልሰጠውም። የቀናው በአንድ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነው።

ሽማግሌው ሚስተር ማክሊን ይባላሉ፤ ዘራቸው ከስኮትላንድ ነው፤ ቤታቸው ከእነበዛብህ አፓርታማ ማዶ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዣቸውን ከፍተው፣ ስልቻውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ባግፓይፕ፣ የአገራቸውን የስልቻ ዋሽንት፣ ይነፋሉ። የበዛብህ ልጅ ኑኃሚን ድምፁን ሰምታ ሄደች፤ በዚያው ተማሪ ሆና ቀረች። ይኸው ሁለት ዓመቷ። አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል። ሽማግሌው ታዲያ መንፋት ብቻ አይደለም የሚያስተምሯት፤ ይህ ዜማ ለእገሌ ነው፣ እገሌ ደግሞ የእገሌ ልጅ ነው እያሉ ዘራቸውንም ጭምር ነው።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ኑኃሚን የማክሊንን አያቶች እስከ ዘጠነኛው በቃሏ ቆጠረችና፣ «አባዬ፣ የኛ ክላንስ፣ ዘሮቻችን፣ እነማን ናቸው?» አለች።

በዛብህ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። የገዛ ልጁ የሰው አያት ስትቆጥር!

«በሽማግሌ ትቀናለህ እንዴ?» አለች ሚስቱ ዓለምነሽ እየሳቀች።

«አዎ፣ እቀናለሁ! እኛ እኮ ሰባት ቤት ነው የምንቆጥረው። ሳምንት ስጡኝ» ብሎ ፎከረ።

ቁጭ ብሎ ሲቆጥር ግን እሱ፣ አባቱ ፍቅረሥላሴ፣ አያቱ ወልደገብርኤል፣ ቅድመ አያቱ ቢተው፤ አለቀ። አዲስ አበባ ላሉት አክስቱ ለእትዬ አጸደ ደወለ።

«የሚያውቁት ሁሉ አልፈዋል ልጄ» አሉት። «በደህናው ጊዜ መቼ ጠየቅህ?»

ሽማግሌው ዘጠኝ፣ እሱ አራት! ስልኩን ከፈተና ከኮንታክቱ ሦስት ስም መረጠ፦ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ፀጉሩን የሚቆርጠውን ዳኛቸውን፣ ሻትል የሚነዳውን የሥራ ባልደረባውን ምናሉን፣ ኳስ አብሮት የሚያየውን ኪሩቤልን። ሰባት ሞላ። በሳምንቱ ሁሉንም አያቶቻችን ናቸው ብሎ ለልጁ ቆጠረላት።

«ምናሉ ዋት ዲድ ሂ ዱ? ምን ሠራ?» አለች ኑኃሚን ዓይኗ እየበራ።

ምላሱ አልተያዘም። ፈረሰኛ ነበር፣ ወንዝ ሞልቶ መንደሩን ሲከብ ሕፃናቱን በፈረስ አሻገረ አላት። እውነተኛው ምናሉ ሻትሉን እንኳ በቅጡ ሪቨርስ አያደርግም። ኑኃሚን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬዋ ሁሉ ምናሉ ሆነ፤ ማክሊኖቹ ተረሱ። በዛብህ ሽማግሌውን በመንገድ ሲያገኛቸው ሰላምታው ሳይቀር አማረለት።

በሰኔ ሚስተር ማክሊን ተማሪዎቻቸውን ፓርክ ውስጥ ሰበሰቡ። ማንኛውም ተማሪ ከመንፋቱ በፊት ተነስቶ ወገኖቹን ይጠራል። ኑኃሚን ሰባቱንም ጠራች፤ ወልደገብርኤልን በችኮላ አለፈችው፤ ምናሉ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ዜማውን ራሴ ነኝ የሠራሁት» አለች። «ለምናሉ ነው።»

ነፋችው። ዓለምነሽ እንባዋን ጠረገች። በዛብህ ግን እንደገና ቀና፤ አሁን ደግሞ ራሱ በፈጠረው ሰው። አያቱ ወልደገብርኤል ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ኩፍኝ ይዞት፣ በጀርባቸው አዝለው ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጉዘው ሐኪም ቤት ያደረሱት እሳቸው ናቸው።

እሳቸው ዜማ የላቸውም። በዛብህ ስለ እሳቸው ለልጁ አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም።