ድንጋዩን መልሺው

በቀደም በደሳ ከተማ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ የአበባ ሸክላ ላዘዋውር ብዬ ሳነሳ፣ ከሥሩ ያ የድሮ ሽታ መጣ፤ የረጠበ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ሽታ። ትንንሽ ጥቁር ጥንዚዛዎች ብርሃኑን ሽሽት ሲራወጡ አየሁና ሸክላውን ቀስ ብዬ ወደ ቦታው መለስኩት። የልጆች እናት ሆኜ እንኳን፣ እናቴ ከኋላዬ ቆማ «ድንጋዩን መልሺው! የሰው ቤት ከፍተሽ አትሂጂ» የምትለኝ ይመስለኛል።

ያደግሁት ጭሮ ከተማ ዳር፣ ከቤታችን ጀርባ በምታልፍ ወንዝ አጠገብ ነው። ወንዝ ማለቴ ለክብሯ ነው እንጂ፣ ክረምት ሞልታ የምታስፈራራ፣ በጋ ሲገባ ደግሞ አሸዋና ድንጋይ ትታልን የምትጠፋ ጅረት ነበረች። እናቴ፣ እኔ አዮ የምላት፣ ልብስ ታጥብባት ነበር፤ አባቴም ከዳርቻዋ ባለችን ቁራጭ መሬት ላይ ጫት መትከል ጀምሮ ነበር።

ጥቅምት አልፎ ውሃው መሸሽ ሲጀምር የእኔ ወራት ይገባ ነበር። ጅረቷ ተቆራርጣ ኩሬ ኩሬ ስትሆን፣ ጉንዳኖች ከጫቱ ማሳ ተሰልፈው እየወረዱ፣ ውሃው ጥሏቸው የሄደውን ትላትልና ጭራቸው ያልጠፋ የእንቁራሪት ልጆች እየጎተቱ ይወስዱ ነበር። ሸረሪቶችም ትናንት ውሃ በነበረበት ጠጠር ላይ እየሮጡ ያድኑ ነበር። ሰው ሁሉ ወንዟ ሞተች ሲል እኔ ግን ድግስ አይ ነበር። ድንጋይ እየገለበጥኩ ስውል አዮ አትቆጣኝም፤ አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፣ ያነሳሁትን እንደነበረ እንድመልስ። ቦኬ በኩል፣ ውሃ በሚያጥርበት መንደር ከብት ስትጠብቅ ስላደገች፣ ከድንጋይ ሥር ያለችውን እርጥበት ፀሐይ ከመታት ነዋሪው ሁሉ እንደሚያልቅ ታውቅ ነበር።

አንድ ዓመት በጋው ከፋ። ጥር ላይ ኩሬዎቹ ሁሉ ደረቁ፤ ከቦኖ ተሰልፈን የምንቀዳውም ለመጠጥ እንኳን አይበቃንም ነበር። አባቴ ያለ የሌለውን ያፈሰሰባቸው የጫት ችግኞች ቅጠላቸውን ማንጠልጠል ጀመሩ። እነሱ ከሞቱ ድሬዳዋ ወርዶ የቀን ሥራ ሊሠራ ወስኖ፣ ልብሱን በፌስታል አድርጎ ከበሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለው። ያን ፌስታል እንዴት እንደጠላሁት! የጓደኛዬ አባት እንዲሁ ለጥቂት ጊዜ ብለው ሄደው በዚያው ቀርተዋልና፣ በሩ ተከፍቶ ፌስታሉ በተንኮሻኮሸ ቁጥር አባቴ ሄደ ብዬ ሮጬ አይ ነበር።

አባቴ ዶማውን ይዞ፣ ጅረቷ ክረምት ጥልቅ የነበረችበት ቦታ ላይ ውሃ አይጠፋም ብሎ ቆፈረ። እስከ ወገቡ ገባ፤ ያገኘው ግን ደረቅ አሸዋ ነበር።

በማግሥቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ አዮ «ኮቱ፣ ነይ ፈትያ» ብላ እጄን ይዛ ወደ ጅረቷ ወረደች። ድንጋይ እያነሳን፣ እየመለስን ወደ ላይ ሄድን። አብዛኛው ሥሩ ባዶ ነበር፤ ቢበዛ አንድ ጊንጥ ጅራቱን ቀስሮ ይጠብቀናል። ከአንድ ትልቅ ዋርካ በታች፣ ጅረቷ ከምትታጠፍበት ስንደርስ ግን ያነሳነው ሁሉ ይርመሰመስ ጀመር፤ ከሌላው ቦታ የጠፉት ጥቁር ጥንዚዛዎችና ቀጫጭን ሸረሪቶች እዚያ ተጠጋግተው ከርመዋል። አዮ መዳፏን ከአንዱ ድንጋይ ሥር አስገብታ ፈገግ አለች፣ አባቴንም ተጣራች።

«የፈትያ አባት፣ እዚህ ቆፍር።»

«ማን ነገረሽ?»

«ነዋሪዎቹ። እነሱ ውሃ የሌለበት ሰፈር አይከራዩም።»

አባቴ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እንጂ ውሃ ያወጣ ሲባል አልሰማሁም» እያለ ዶማውን አነሳ። አዮ ግን «ያሳየህን ሰው ቤት አታፈርስም» ብላ፣ ከድንጋዮቹ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንዲቆፍር አደረገችው። አሸዋው ጠቆረ፣ ከዚያ ረጠበ፣ ከዚያ ጭቃማ ውሃ ቀስ እያለ ከጉድጓዱ ወለል መመንጨት ጀመረ። አባቴ ተንበርክኮ «አልሐምዱሊላህ» እያለ ውሃውን በመዳፉ ጨለፈ። እኔ አለቀስኩ፣ ለምን እንደማለቅስ ማንም አልጠየቀኝም። ጠዋትና ማታ በጀሪካን እየቀዳን አጠጣን፤ ጥቂት ችግኞች ሞቱ፣ የቀሩት ግን ነፍስ ዘሩ።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር፣ ጉንዳኖቹ እንቁላላቸውን ተሸክመው የጅረቷን ገደል ወጡ፣ ሸረሪቶቹም ሣር ለሣር ሸሹ፤ ከፊሎቹ ቤታችን ድረስ ገቡ። አባቴ መጥረጊያ አነሳና ተወው። «ግቡ እንጂ፣ ባለውለታዎቻችን!» አለ። ያን ቀን ፌስታሉን ከምስማሩ አውርዶ፣ ልብሱን አውጥቶ ለበሰው።

ዛሬ ግቢያችን ቧንቧ ገብቷል፤ እናትና አባቴን ልጠይቅ ስሄድም ባጃጅ በር ላይ ያወርደኛል። ጅረቷ ከድሮው ቀድማ ትደርቃለች፣ ዳርቻዋም በቤት ተጣቧል፤ ጉንዳኖቹ ግን ዛሬም ውሃው ሲሸሽ ተሰልፈው ይወርዳሉ። አዮ ዓይኗ ቢደክምም፣ ልጆቼ ድንጋይ ሲገለብጡ ድምፁን ሰምታ «መልሱት!» ትላለች። ምስማሩም ከበሩ ጀርባ አለ። ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ የአባቴ ኮፍያ ተሰቅሎበት ካየሁ፣ አባቴ ቤት አለ ማለት ነው።