የሚመለሰውን ምረጥ

«ፈጣኑን ተወው፤ የሚመለሰውን ምረጥ።»

ልጅ ሳለሁ አባቴ ይህን ሳይናገር የውሻ ተረት ጨርሶ አያውቅም። በብላቴ ወንዝ አጠገብ ቦሎቄ የምናመርት ሰዎች ነበርን፤ ቦሎቄው ገና ቅጠል ሲያወጣ ጥንቸል እየቀረጠፈች ማሳውን ባዶ ታስቀረዋለች። ስለዚህ በእኛ ቤት ሲመሽ የሚወራው ስለ ንጉሥና ስለ አንበሳ አልነበረም፤ ስለ ውሻ ነበር። ያኔ አባቴ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፣ እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ጭሱ ሁላችንንም ያስለቅሰናል፣ ኩራዟ ምሰሶው ላይ ትርገበገባለች፣ እሱም ፍሙን እየቆሰቆሰ የሞቱ ውሾቹን በየስማቸው ያነሳል።

ከቆላ ከብት አርቢዎች ዘንድ የሚመጣ እግረ ረጅም ቀጭን ውሻ ነበር። እሱ ብቻውን አይሆንም ይል ነበር አባቴ፤ ቆዳው ስስ ነው፣ እሾህ ይተለትለዋል፣ ጉድጓድ ከረገጠ እግሩ ይሰበራል። የመንደር ውሻ ደግሞ ያሸታል፣ ይታገሳል፣ ግን ጥንቸሏ ላይ አይደርስም። እናቱ የመንደር፣ አባቱ የቆላ የሆነውን ድቅል ፈልግ ይለኝ ነበር። ደረቱ ጥልቅ፣ ጣቶቹ የተጠጋጉ ይሁኑ። ከዚያ ለቡችሎቹ ሥጋ ጣልላቸውና መብላት ሲጀምሩ ጥራቸው፤ ሥጋውን ትቶ የመጣው ውሻህ እሱ ነው።

ጥንቸሏን እኛ አንበላትም። አባቴ ወንጌልን ከተቀበለ በኋላ እንኳ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አሁን ሁሉም ተቀድሷል ቢሉት፣ «ተቀድሶ ይሆናል፤ ለእኔ ሆድ ግን የነገረው የለም» እያለ ለውሾቹ ይወረውርላቸው ነበር። ስለዚህ ውሻው ጥንቸሏን ቢበጣጥሳት ግድ የለውም። የሚፈራው ደም ከቀመሰ በኋላ ሲጠሩት የማይሰማውን ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚያወራው የመብረቅን ነገር ነው፤ የዚህን ተረት መጨረሻ ግን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። መብረቅ ሥጋውን ትቶ ያልመጣ ቡችላ ነበር። ከወንድሞቹ ሁሉ ስለሚፈጥን እሱ ካልቀረልን ብዬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ አባቴም ራራልኝ። አንድ ጠዋት መብረቅ ማሳው ውስጥ ጥንቸል ያዘ። ወገቧን ነክሶ ሲያራግፋት እንደ ሕፃን ጮኸች፤ እንዲህ የምትጮኽ አይመስለኝም ነበር። አባቴ ጠራው፤ አልሰማም። አፉ በደም እንደ ራሰ አጥር ዘሎ የጎረቤታችን ፍየሎች ውስጥ ገባ፣ የሁለቱን ጉሮሮ ዘነጠለ፤ ልታባርረው የመጣችውን የጎረቤታችንን ልጅ ክንዷን ነክሶ አጥንቷ እስኪታይ ድረስ አልለቀቀም። በገመድ ታስሮ ሲመጣ አባቴ ቆመጡን አነሳና ገመዱን በእኔ እጅ አስያዘኝ። «የመረጥከው አንተ ነህ» አለኝ። በመጀመሪያው ምት አልሞተም። በሁለተኛውም አልሞተም። ገመዱ በእጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እስከ ዛሬ ይታወቀኛል። የዚያን ዕለት ምሽት አባቴ እንደ ወትሮው እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ሌላ ውሻ አወራልን፤ ስሜንም አላነሳም።

እኔ ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ነው የተውኩት። አድጌ ጆሃንስበርግ መጣሁ፣ ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ፤ ተረቱንም የረሳሁት መስሎኝ ነበር። የኮሮናው ሎክዳውን በገባ ጊዜ ግን ጎረቤቴ ባባ ሲፖ፣ ጥንቸል በማደን የታወቀ ሽማግሌ፣ ግቢው ውስጥ ሴት ውሻው ወለደችለት። አባታቸው የእሽቅድምድም ውሻ፣ እናታቸው የሰፈር ውሻ። አንዱን ምረጥ አለኝ። ከሱቄ የዶሮ እግር አመጣሁና ጣልኩላቸው፤ መቆርጠም ሲጀምሩ ጠራኋቸው። ሦስቱ ቀና እንኳ አላሉም። አንዲት ዝንጉርጉር ሴት ቡችላ የያዘችውን ጥላ ወደ እኔ መጣች። ባባ ሲፖ እስኪያስለው ሳቀ። «ማይ ፍሬንድ፣ ከአራቱ ሰነፏን አነሳህ» አለ፤ ፈጣኑን ለራሱ አስቀርቶ ጄት አለው። እኔ የእኔዋን ቦሎቄ አልኳት።

በዚያው ሰሞን አባቴ ታመመ። በደወልኩ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ መቼ ነው የምትመጣው? በመጀመሪያው ዓመት አውሮፕላን ቆሟል አልኩት፤ እውነቴን ነበር። በሁለተኛው ዓመት አውሮፕላኑ በረረ። ያኔ ደግሞ ወረቀቴ የጥገኝነት ስለሆነ ከወጣሁ እዚህ ተመልሼ አልገባም፣ ሱቄም ይዘረፋል አልኩት። ይህም ውሸት አልነበረም። «እሺ ልጄ» ይለኝና ይስላል። ስልኩን ዘግቼ ተንበርክኬ እጸልይለታለሁ፤ ጸሎቱ የመሄዴን ያህል ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ብርድ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከባባ ሲፖ ጋር ውሾቻችንን ይዘን፣ ከማዕድን ማውጫው የአፈር ክምር ማዶ ወዳለው ሜዳ ሄድን። የሰው እርሻ ነው፣ ማደን ክልክል ነው፤ ባባ ሲፖ ግን ከሥራ ተባሮ ቤቱ ሥጋ ካየ ቆይቶ ነበር። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። አንዲት ጥንቸል ተነሳች፤ ጄት ደረሰባት፣ ሆዷን ዘርግፎ ጣላት፣ ሳይቆም ሌላዋን ተከትሎ ወደ እርሻው የሽቦ አጥር በረረ። ቦሎቄም ሦስተኛዋን ይዛ ራቅ ብላ ነበር። ያኔ የእርሻው ጭነት መኪና ከባሕር ዛፎቹ መሃል ብቅ አለች፤ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ወረደ። ባባ ሲፖ ጄትን ደጋግሞ ጠራው። ጄት ጆሮውን እንኳ አላዞረም። ጥይቱ ሆዱን ከፈተው፤ አንጀቱን እየጎተተ በሁለት የፊት እግሮቹ ሊድህ ሞከረ። ባባ ሲፖ ሣሩ ላይ ተንበረከከና በቋንቋው እናቱን ጠራ።

ዘበኛው ጠመንጃውን ወደ ቦሎቄ አዞረ። እኔ የጸሎት ሰው ነኝ፤ በዚያች ሰዓት ግን ከአፌ የወጣው ጸሎት አልነበረም። የአባቴ ጥሪ ነበር፤ ሁለት አጭር ፉጨት፣ ከዚያ ስሟ። ቦሎቄ ጥንቸሏን ከነነፍሷ ጣለቻትና ዞረች። የጠመንጃው አፍ እየተከተላት ያን ሁሉ ሜዳ ሮጣ እግሬ ሥር ተኛች። ያኔ አፈ ሙዙ በእኔ ጉልበት ትክክል ነበር። ዘበኛው ሸምገል ያለ ሰው ነው፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶታል። መጀመሪያ ሄዶ ጄትን በሁለተኛ ጥይት ገላገለው። ተመልሶ መጣና ቦሎቄን ቆሞ አያት። አገሬን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ስንት ዓመትህ ነው እዚህ አለኝ፤ አሥራ ሦስት አልኩት። ከመጣህ ወዲህ አገርህ ሄደህ ታውቃለህ አለኝ፤ አላውቅም አልኩት። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። ከዚያ አንድ ነገር ተናግሮኝ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት አባቴ አረፈ። ትኬት ቆርጬ ነበር ብዬ መጻፍ እችላለሁ፤ ግን ጌታ ያያል፣ አልቆረጥኩም። ከተረቶቹ ብዙው ጠፍቶብኛል፤ የጭሱ ሽታ፣ የገመዱ መንቀጥቀጥና ያ የአባቴ ቃል ቀርተውልኛል። ቦሎቄ ዕድሜዋ ገፋ ብሏል፣ ሱቁ በር ላይ ትተኛለች፤ ስጠራት አሁንም ሳህኗን ትታ ትመጣለች። በመጣች ቁጥር ያ የማላውቀው ሰው የተናገረኝን እሰማለሁ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፦

«ውሻህ የያዘችውን ጥላ መጣችልህ። አንተንስ የሚጠራህ ሰው የለም?»