ለሦስት ጎማ የሚበቃ በር

በመገንባት ላይ ያለው አዲስ መኖሪያ ሕንፃ ንድፍ ጠረጴዛዋ ላይ ሲዘረጋ፣ ወጣቷ ንድፍ አውጪ ከወንበሯ ብድግ አለች። የብስክሌት ማቆሚያው ምድር ቤት ውስጥ፣ ከደረጃው ሥር፣ ከቆሻሻ ማከማቻው ጎን ተወሽቋል። ቢሮው ውስጥ ማንም የማይፈልጋት ሥራ ነበረች። አለቃዋ መሐንዲሱ፣ "አንቺ ብስክሌት ትወጂ የለ፤ በይ እስቲ አስተካክያት" ብለው ገፋ አደረጉላት። እሷ ግን ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ፈነደቀች።

ምክንያት ነበራት። ተማሪ ሳለች ብስክሌቷን በፊት ጎማው ብቻ አስራ አደረች፤ ጠዋት ስትወርድ ጎማው ብቻ ታስሮ ጠበቃት። የቀረውን ሌባው ተረጋግቶ ፈትቶ ወስዶታል። ታላቅ እህቷ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ እግሯ ደካማ ስለሆነ፣ የሰፋችውን ለደንበኞቿ የምታደርሰው ከኋላው ሳጥን ባለው ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ነው። በየሕንፃው በር ላይ "ወንድሜ፣ እባክህ አንዴ አንሳልኝ" ማለት አንገሽግሿታል።

ንድፍ አውጪዋ ማቆሚያውን ከምድር ቤት አውጥታ ከዋናው መግቢያ አጠገብ አመጣችው። በደረጃው ፋንታ ዘንበል ያለ መውጫ ሣለች። በሩን አሰፋች፤ ከነዋሪው ቁልፍ በቀር በሌላ እንዳይከፈት አደረገችው። ግድግዳው መስታወት ሆነ፣ መንገደኛ ሁሉ እያየው ሌባ እንዳይደፍር። ጎማውም የብስክሌቱ ዋና አካልም አንድ ላይ የሚታሰሩባቸው ብረቶች ወለሉ ላይ ሣለች።

መሐንዲሱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት።

"እዚህ ጋ እኮ ሱቅ ነው የታሰበው። የሕንፃውን ባለቤት ምን ብዬ ላሳምነው?"

"እርስዎ ብቻ ቅዳሜ መጥተው ይዩት። እህቴን ከነብስክሌቷ አመጣታለሁ።"

ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ሲሚንቶ ሲሚንቶ በሚሸተው ባዶ ክፍል፣ ማቆሚያዎቹን ሁሉ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረች። እህቷ ሳጥኗን በልብስ ሞልታ ከተፍ አለች። በጣውላ የተሠራውን ጊዜያዊ መውጫ ሽው ብላ ወጣች፤ ገና መዝጊያ ያልተገጠመለትን በርም አለፈች። ንድፍ አውጪዋ ልታጨበጭብ እጇን ስታነሳ፣ ቋ! ሳጥኑ ክፍሉ መሃል ካለው ምሰሶ ጋር ተላተመ።

"እኔ ልሙት፣" አለች እህቷ ዞር ብላ፣ "ይኼን የሣልሽው ለብስክሌት ነው ለምሰሶው?"

"ውይ እትዬ! ምሰሶውን ጭራሽ ረሳሁት!" የንድፍ አውጪዋ ፊት በርበሬ መሰለ።

መሐንዲሱ ጠመኔውን ከእጇ ተቀበሉ። ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተንበረከኩ።

"ማቆሚያዎቹን ሰያፍ ብናደርጋቸውስ?"

"ልክ ነዎት! መተላለፊያው ይሰፋል! ባለሦስት ጎማዎቹን ደግሞ እዚሁ በሩ ሥር!"

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ሁለቱ ተንበርክከው ሲያጠፉና ሲያሰምሩ፣ እህቷ እየገባች እየወጣች "ወደ ግራ! ኧረ በዛ፣ መልሱት!" ስትል ረፋዱ አለቀ። በመጨረሻ ገባች፣ ዞረች፣ በጠመኔው መስመር ውስጥ ቆመች፣ ማንንም ሳትለምን ወረደች። ንድፍ አውጪዋ ዘላ እህቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። መሐንዲሱ ጉልበታቸውን እንኳ ሳያራግፉ ስልካቸውን አወጡ። "ባለቤቱ አሁኑኑ መጥቶ ይይ!" አሉ።

ባለቤቱ መጣ፤ አየ። አጉረመረመ፣ ተመላለሰ፣ እህቷን ደግማ እንድትገባ አደረጋት፤ በመጨረሻ ሱቁን አጥብቦ ወደ ጎን ለማዛወር ተስማማ።

ነዋሪዎቹ የገቡ ሰሞን ክፍሉ በብስክሌት ጢም ብሎ ሞላ። ንድፍ አውጪዋና እህቷ ሊያዩት ሲሄዱ፣ አንድ ጡረተኛ አባት መስታወቱ ላይ ተለጥፈው አገኟቸው።

"ልጆቼ፣ ይኼን ሳይ ልቤ ከጀለ። በእኔ ዕድሜ ይለመዳል?"

"ለምን አይለመድም አባባ!" አለች እህቷ። "የእኔዋ ደግሞ ሰው አትጥልም። ይውጡባት።"

ወጡባት። ግቢውን አንዴ ዞሩ፤ ደገሙ። ደወሉን እያንጫረሩ ለሦስተኛው ዙር ሲታጠፉ፣ ንድፍ አውጪዋ በሣቅ ወገቧን ይዛለች፤ እህቷ ደግሞ ከኋላ ትጣራለች፦ "አባባ፣ ኧረ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው!"