ከዝናብ የሚሸሸው ጭፈራ

ጥሩብርሃን ጭፈራዋን ያገኘችው አሪቻ በሚባል የገጠር ቀበሌ፣ ቡና ማጠቢያ ግቢ ውስጥ ነው። ከልጅነቷ ጀምራ በየቡና ወቅቱ እዚያ በለቃሚነት ሠርታለች። ጭፈራው እንዲገባን መጀመሪያ ሥራውን እንየው። የታጠበ ቡና መሬት ላይ አይሰጣም፤ ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራ፣ ወገብ በሚደርስ ረጅም አልጋ ላይ ይዘረጋል። ሴቶቹ በግራና በቀኝ ይሰለፋሉ። እግር ይቆማል፣ እጅ ይሮጣል፤ የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ተባይ የበላውን እየነጠለ ያወጣል። ድንገት ሰማዩ ሲከብድ አንዷ «ዝናብ!» ብላ ትጮኻለች። ያኔ ያ ሁሉ የቆመ እግር በአንድ ጊዜ ይነሳል! ላስቲኩ ከአልጋው ጫፍ እስከ ጫፍ እየተንሿሿ ይዘረጋል። ለመድረቅ ጥቂት የቀረው ቡና ከረጠበ የስንት ቀን ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ሌሎቹ ሴቶች በዚህ ውስጥ የወገብ ሕመም ብቻ ነበር የሚታያቸው። ጥሩብርሃን ግን ምት ሰማችበት። ዲላ ከተማ ገብታ በአንድ የባህል ኪነት ቡድን ስትቀጠር፣ ያንን የቆመ እግርና የሚሮጥ እጅ መድረክ ላይ አወጣችው። ለላስቲኩ ረጅም ነጭ ጨርቅ ተካች። «ዝናብ!» የሚለውን ጩኸት የራሷ ድርሻ አደረገችው። እየጣለች፣ እያነሳች፣ እንደገና እየጀመረች ብዙ ዓመት ፈጀባት። ወናጎ ያለችው እናቷ «ዕድሜሽን በዝላይ ጨረስሽው» ትላት ነበር።

ከዚያ የሀገር አቀፉ የመድረክ ጥበባት ሽልማት ዳኞች ዲላ መጡ። ሽልማቱ ብዙ ዘርፍ አለው፤ እኛን የሚመለከቱን ሁለት ናቸው። አዲስ ሥራ ከሆነ የፈጠረው ሰው በስሙ ተጠርቶ ይሸለማል። ነባር ባህል ከሆነ ደግሞ የቡድኑ ኃላፊ ይቀበላል። ጥሩብርሃን የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ስሟ ሲጠራ እናቷ በቴሌቪዥን እንድትሰማ።

አዳራሹ ሞላ። ፊት ለፊት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ ጭፈራውን ከውልደቱ ጀምሮ ያዩት ጎረቤቷ፣ ጋሽ ይርጋ ነበሩ። ጭፈራው አለቀ፣ ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። ከዳኞቹ አንዷ አክሱማዊት ካሜራ አስከትላ መድረክ ላይ ወጣች።

«ግሩም ነው! ይሄን የሠራው ማነው?» አለችና ማይክሮፎኑን ለጥሩብርሃን ሰጠቻት።

እዚህ ላይ አንድ ወግ አለ። ጥሩብርሃን ባደገችበት ሰፈር ሽማግሌ ፊት «እኔ ነኝ» ተብሎ አይጀመርም። የተጠየቀች ሴት ሥራዋን መጀመሪያ ለታላላቆቿ ትሰጣለች። ከዚያ ከታላላቆቿ አንዱ ይነሳና «የለም፣ የእሷ ነው» ብሎ ይመልስላታል። በራሷ አፍ ሳትናገር ባለቤትነቷ ይጸናል። እንዴት ያማረ ነገር ነው! ግን ጊዜ ይፈልጋል።

«የአባቶቻችን ነው» አለች ጥሩብርሃን፤ ጋሽ ይርጋንም አየቻቸው።

ጋሽ ይርጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምርኩዛቸውን ያዙ። ከወንበራቸው ገና እየተነሱ ሳለ ማይክሮፎኑ ከጥሩብርሃን እጅ ሄደ።

የተቀበለው የቡድኑ ኃላፊ መልከጼዴቅ ነው። ፈገግ ብሎ ካሜራውን አየ። «ጥንታዊ የዝናብ ልመና ነው» አለ። «ከየገጠሩ ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ።»

ጥሩብርሃን ከመድረክ ጀርባ ያዘችው። «የምን ዝናብ ልመና ነው? ከዝናብ ስንሸሽ እኮ ነው!»

«የአባቶች ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«አልኩ፤ ጋሽ ይርጋ ሊመልሱልኝ…»

«ላስቲክ ይዘው የሚሮጡት የትኞቹ አባቶች ናቸው ብዬ ላጋልጥሽ ነበር?» ብሎ ሳቀ። «ተይ እንግዲህ። ካሸነፍን ሁላችንም ነን።»

ጋሽ ይርጋ በር ላይ ጠበቋት። «ተነስቼ ነበር እኮ ልጄ። አላስጨረሱኝም። ሰው ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ይሄዳል?»

ሽልማቱ በቀጥታ ሲተላለፍ ቡድኑ አንድ ሻይ ቤት ተሰብስቦ አየ። ምርጥ ነባር ባህላዊ ትርኢት ተባለ። መልከጼዴቅ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ የጥንት አባቶችን አመሰገነ። ሻይ ቤቱ በእልልታ ሲናጥ ጥሩብርሃንም አጨበጨበች። ስልኳ ጠራ፤ እናቷ ናት። «ቡድናችሁ አሸነፈ አሉ። አንቺስ እዚያ ውስጥ ምን ነበር የምትሠሪው?»

በሚቀጥለው ልምምድ ላይ ወጣቷ ተወዛዋዥ ትንቢት መሃል ቆማ ጠበቀቻት። ጥሩብርሃን እንደ ልማዷ አንገቷን ቀብራ እጇን በሐሳቧ ወዳለው የቡና አልጋ ሰደደች።

«እትዬ፣ እጅ ወደ ላይ ነው እንጂ» አለች ትንቢት፣ በትሕትና። «የጥንቱ እንደዚያ አይደለም።»

«ማን አለሽ?»

«ሲሸለም በቴሌቪዥን ተነገረ እኮ። ልመና ነው። አቶ መልከጼዴቅም እንደዚያ አስተካክሉት ብለዋል።»

ጥሩብርሃን ይህ የኔ ነው ብትል ለካሜራ የተናገረችው ቃል አለ፤ ሺህ ሰው ሰምቶታል። ከበሮው ተመታ። በዚህ መሃል እውነተኛው ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበው ጀመር።

«ዝናብ!» ብላ ጮኸች፤ ሳታስበው አመለጣት። እግሯ ተነሳ፣ የጨርቁን ጫፍ ይዛ ሮጠች።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ይለምናል።

«ገና ነው እትዬ» አለች ትንቢት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ቀደምሽ።»

የጨርቁ ሌላኛው ጫፍ የሚይዘው አጥቶ ወለሉ ላይ ይጎተት ነበር።