ኮሶ ነው የተባለው ደም

በ1957 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን በአንዲት ክሊኒክ ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ነበርኩ። ደም የሚመረምረው ወርቅአገኘሁ ነበር፤ ቁጡ፣ በሥራው ግን የሚተማመን ሰው።

አንድ ቀን መሪጌታ ገብረ ጻድቅ የሚባሉ ሰው ከአንኮበር ከስተው መጡ። ሰገራቸው ደም ከቀላቀለ ሦስት ወር ሆኖታል።

«በየሁለት ወሩ የምጠጣው ኮሶ አንጀቴን ልጦት ነው» አሉ። እኔም አመንኳቸው።

ወርቅአገኘሁ አላመነም። ደማቸውን በቀጭን የመስታወት ቱቦ አቁሞ አንድ ሰዓት ጠበቀ። የጤነኛ ሰው ቀይ ደም በዚህ ጊዜ ከውሃው ተለይቶ ጥቂት ብቻ ይዘቅጣል፤ የእሳቸው እስከ ቱቦው ግማሽ ወረደ።

«ቱቦው የበሽታውን ስም አይነግረኝም» አላቸው። «ውስጥዎ የሚነድ ነገር እንዳለ ግን ይነግረኛል። ኮሶ እንዲህ አያደርግም፤ ነገውኑ አዲስ አበባ ይሂዱ።»

«ፆም ገብቷል፤ ከፋሲካ በኋላ ብሄድስ?»

«እሱ ፋሲካን አይጠብቅም።»

ሄዱ። ሐኪሞች አንጀታቸው ላይ ነቀርሳ አገኙ፤ ወደ ጉበት ሳይዛመት ቆርጠው አወጡት።

በዓመቱ ለፋሲካ ሙክት እየሳቡ መጡ። ወርቅአገኘሁ በጉን ዞር ብሎም አላየው።

«መጀመሪያ ክንድዎን» አለ።

ሙክቱ ግቢ ውስጥ አንድ ሰዓት ሣር ጋጠ። ወርቅአገኘሁ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አቅንቶ ተመለከተ፤ ደሙ እምብዛም አልወረደም።

«አሁን ይታረድ» አለ።