ስድስት ሚሊ ሜትር

አምቦን መጀመሪያ በደንብ ያየኋት ተገልብጣ ነው። ኮሌጃችን የነበረው ሌቭል፣ የመሬትን ከፍታና ዝቅታ የምንለካበት መሣሪያ፣ አሮጌ ስለነበር በመነጽሩ ሲያዩበት ዓለምን ገልብጦ ያሳያል። ባጃጁ ጎማውን ወደ ሰማይ አድርጎ ይሄዳል፣ ባሕር ዛፉ ወደ ታች ያድጋል፣ ደመናው ከሥር ተኝቷል። ጓደኞቼ ራሳችንን አዞረን ይላሉ፤ እኔ ግን ዓይኔን መንቀል አልወድም ነበር። ቀና ስል የማያት፣ በእግሯ የቆመችው ከተማ፣ ሐሰተኛዋ ትመስለኝ ነበር።

የብቃት ምዘናው ቀን ማለዳ ስስ ጭጋግ ወርዶ ነበር። ያለ ማረጋገጫው ወረቀት ቀያሽ ሆኖ መቀጠር የለም። ሸነን ከተማ፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ አንድ የሥራ ቦታ ወረቀቱን ይዤ እስክመጣ እየጠበቀኝ ነው፤ ከወደቅኩ ለሌላ ይሰጣል። እናቴ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ፈተናው ከአንዲት ችካል ተነስቶ፣ ግቢውን እየለኩ ዞሮ፣ እዚያችው ችካል ላይ መመለስ ነው። የወጡት ከወረዱት ሲቀነስ ዜሮ መምጣት አለበት። ጭጋጉ ውስጥ ባለ ቁጥሩ ዘንግ ከላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር፤ በሕልሜ የማነብ ያህል እያነበብኩ ዞርኩ። ሳሰላው ስድስት ሚሊ ሜትር ተረፈ።

ከእርሳስ ውፍረት አትበልጥም። ለእኔ ግን ሸነንን አከለች። በመስክ ደብተር ላይ የተጻፈ አይፋቅም፣ አይደለዝም፤ የተሳሳተ በአንድ መስመር ሰርዞ ከጎኑ ይጽፋል። ይህንን እያወቅኩ፣ ለሁሉም ጀርባዬን ሰጥቼ፣ አንዷን ሁለት ቁጥር ስምንት አደረግኳት። ዜሮ መጣ። ኩራቴም ልክ አልነበረውም።

መዛኙ ጸጉራቸው የነጣ የጌዶ ሰው ነበሩ። ደብተሩን ተቀብለው ቁጥሮቹን በጣታቸው ተከተሉ።

“ኢንተላ ኮ” አሉኝ፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፣ “በዚህ ሥራ ሸበትኩ። እንዲህ ያለ ድፍን ዜሮ መጥቶልኝ ግን አያውቅም። የቱ ጋ ነው የነካካሽው?”

መካድ እችል ነበር። ስምንቷን በጣቴ አሳየኋቸው።

“ስንት ነበር የተረፈሽ?”

“ስድስት ሚሊ ሜትር፣ ጋሼ።”

“እስከ ስምንት ሚሊ ሜትር ድረስ እኮ እናሳልፋለን” አሉ፣ እኔን ሳይሆን ጭጋጉን እያዩ። ቅጻቸው ላይ “ገና ብቁ አልሆነችም” የሚለው ጋ ምልክት አድርገው ደብተሩን መለሱልኝ።

የሸነኑ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እናቴ ለወር ያህል ጎረቤት እንዳያገኛት በጓሮ በኩል ስትወጣና ስትገባ ከረመች። በእሳቸው አልተናደድኩም፤ በራሴ ግን እስካሁን እናደዳለሁ።

ሁለተኛ ስፈተን አራት ሚሊ ሜትር ጎደለኝ። እንዳለች ጻፍኳት፣ አለፍኩም። ዛሬ የምሠራበት መሣሪያ በሳተላይት ነው የሚለካው፤ ምንም ነገር አይገለብጥም። የሙያ ፈቃዴ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያች የመጀመሪያ ደብተር ግን ቤቴ ናት። ገልጬ ወደ መስኮቱ ሳስጠጋት፣ ከስምንቷ ሥር ሁለቷ አሁንም ትታየኛለች።